ሳይሰሙ መመለስ



 የማወራችሁ መጠጊያ ፍለጋ ድንበር ላይ ደርሰው በዱላ ስለሚመለሱ ሰዎች ነው። ዓመታቱንና ቀኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ማንኛውም መንግሥት ወደ አገሩ የሚገባውንና የማይገባውን የመለየት ሥልጣን አለው። የመጣውን ሰው ጠይቆ፣ መርምሮ፣ ምክንያቱ አልበቃም ብሎ ሲያምንም ሊመልሰው ይችላል። ሳይሰማው የመመለስ ሥልጣን ግን የለውም። በየጫካውና በየባሕሩ ዳርቻ የምንሰማው ግፍም ከጥቂት ክፉ ፖሊሶች የመጣ አይደለም። ሳይሰማ ለመመለስ የቆረጠ መንግሥት ከዱላ በቀር ሌላ መሣሪያ ስለሌለው የመጣ ነው።

ከክሮኤሺያና ከቦስኒያ ድንበር እንነሣ። ከግሪክ ወደ ጀርመን የሚወስደው የባልካን መንገድ በመጋቢት 2016 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ጦርነትንና ጭቆናን የሸሸው ሰው በጫካና በተራራ ማለፍ ግድ ሆነበት። ከ2018 ጀምሮ ቢሃችና ቬሊካ ክላዱሻ የተባሉት የቦስኒያ ከተሞች በአፍጋኖች፣ በሶርያውያን፣ በኢራናውያንና በፓኪስታናውያን ተሞሉ። ስደተኞቹ ወደ ክሮኤሺያ የሚያደርጉትን ሙከራ «ጌም» ይሉታል። አንዱ አምስት ጊዜ፣ ሌላው ከዚያ በላይ «ጌም ሄጃለሁ» ሲል፣ ያንኑ ያህል ጊዜ ተይዞ ተመልሷል ማለቱ ነው።

ሲመለሱ ምን እንደሚደረጉ የሚናገረው የስደተኞቹ አንደበት ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ምክር ቤት የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴ በነሐሴ 2020 ወደ ቦታው ባለሙያዎቹን ላከ። ይህ ኮሚቴ ክሮኤሺያ ራሷ ፈርማ የተቀበለችው አካል ነው። ባለሙያዎቹ ስደተኞችን አነጋገሩ፤ ሐኪሞቻቸውም በገላቸው ላይ ያለውን ቁስልና ሰንበር መረመሩ። በታኅሣሥ 2021 ይፋ የሆነው ዘገባ ያሰፈረው ለመስማት እንኳ ይከብዳል። ሰዎች በጥፊ፣ በእርግጫና በቆመጥ ተደብድበዋል። መሬት ላይ በተኙበት በአጠገባቸው ጥይት ተተኩሷል። ጫማቸውን ተቀምተው በባዶ እግራቸው በጫካ ተነድተዋል። አንዳንዶቹ በውስጥ ሱሪ ብቻ፣ አንዳንዶቹም ራቁታቸውን ወደ ቦስኒያ ተገፍተዋል። እጃቸው በፕላስቲክ ማሰሪያ እንደታሰረ ኮራና ወንዝ ውስጥ የተጣሉም አሉ።

ከዘገባው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2021፣ ጋዜጠኞች በድብቅ የቀረጹት ፊልም በአውሮፓ መገናኛ ብዙኃን ታየ። ፊታቸውን የሸፈኑ፣ መለያ ያላደረጉ ሰዎች ስደተኞችን በቆመጥ እየደበደቡ ወደ ድንበሩ ሲነዷቸው ያሳያል። የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰዎቹ ፖሊሶች መሆናቸውን አመነ፤ ሦስት ፖሊሶችንም ከሥራ አገደ። ጉዳዩ የሦስት ፖሊሶች ጥፋት ተደርጎ እንዲቆጠር ተፈለገ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ሰው በሕጋዊ መንገድ ሲመለስ ምን ያስፈልጋል? ስሙ ይመዘገባል። በሚያውቀው ቋንቋ የሚያነጋግረው አስተርጓሚ ይመጣል። ፋይል ይከፈታል፤ ውሳኔ ይጻፋል፤ ውሳኔውን የፈረመው ባለሥልጣን ይታወቃል። ሰውየው ቅር ካለው ይግባኝ ይላል። በመጨረሻም ተቀባዩ አገር ተነግሮት፣ በታወቀ የድንበር ኬላ በኩል፣ በቀን ብርሃን ይተላለፋል።

ሳይሰሙ ለመመለስ ግን የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ያስፈልጋል። ፋይል ስለሌለ ኬላ መጠቀም አይቻልም፤ ስለዚህ ጫካና ወንዝ ይመረጣል። ውሳኔ ስላልተጻፈ ፈጻሚው መታወቅ የለበትም፤ ስለዚህ ፊት ይሸፈናል። ስልክ ፎቶና ያለበትን ቦታ ይመዘግባል፤ ስለዚህ ስልክ ይሰበራል ወይም ይቀማል። ሰውየው «አይገባህም» የሚል ውሳኔ ከነምክንያቱ ስላልተሰጠው ነገ ተመልሶ ይሞክራል፤ ስለዚህ እንዳይሞክር ሕመም እንዲያስታውስ ይደረጋል። ዱላው የሥራው አንድ ክፍል ነው የምለው ለዚህ ነው። ፖሊስን በሥነ ምግባር ሥልጠና ብቻ ማረም የማይቻለውም ለዚህ ነው። ትእዛዙ ራሱ በጨለማ ካልሆነ የማይፈጸም ነውና።

ፖሊሶቹም ይህን ያውቃሉ። በ2019 አንድ የክሮኤሺያ ድንበር ፖሊስ ስሙን ሳይገልጽ ለአገሪቱ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ደብዳቤ ጻፈ። ስደተኞችን ያለ ምንም ወረቀት እንዲመልሱ፣ ስልካቸውንና ገንዘባቸውን እንዲወስዱ ከአለቆቻቸው እንደሚታዘዙ ገለጸ። እንባ ጠባቂዋም ደብዳቤው በአግባቡ እንዳልተመረመረ ስታይ ለሕዝብ ይፋ አደረገችው።

ሳይሰሙ መመለስ እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በአንዲት ሕፃን ላይ ከደረሰው እንረዳለን። በኅዳር 2017 ሌሊት አንዲት አፍጋናዊት እናት ስድስት ልጆቿን ይዛ ከሰርቢያ ወደ ክሮኤሺያ ገባች። ፖሊሶች አገኟቸው። ቤተሰቡ እንደተናገረው ጥገኝነት እንፈልጋለን ብለው ለመኑ። ፖሊሶቹ ግን ወደ ድንበሩ ወስደው የባቡሩን ሐዲድ ተከትለው ወደ ሰርቢያ እንዲመለሱ አዘዟቸው። በጨለማው ባቡር መጣና የስድስት ዓመቷን ልጅ ገጭቶ ገደላት። መንግሥት እንዲህ ያለ ነገር አልተፈጸመም ብሎ ካደ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በኅዳር 2021 ፍርዱን ሲሰጥ፣ ክሮኤሺያ የሕፃኗን ሞት በወጉ እንዳልመረመረች፣ እናቲቱንና ልጆቿንም በጅምላ እንዳባረረች ወሰነ። መርማሪዎቹ የፖሊሶቹን የስልክና የመኪና ጂፒኤስ መረጃ እንኳ አላዩም ነበር። ያች እናት ሐዲዱ ላይ ሳይሆን አስተርጓሚ ፊት ብትቆም ኖሮ፣ ማመልከቻዋ ቢወድቅ እንኳ ልጇ በሕይወት ትመለስ ነበር።

አሁን ወደ ባሕሩ እንሂድ፤ እዚያ ያሉት የቅርብ ሰዎቻችን ናቸውና። በግንቦት 6 ቀን 2009 ከሊቢያ የተነሡ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች በሦስት ጀልባ ከላምፔዱሳ ደሴት በስተደቡብ ደርሰው ነበር። የጣሊያን መርከቦች አገኟቸውና ወደ መርከቦቹ አሳፈሯቸው። ሰዎቹ ዳንን ብለው አሰቡ። ወዴት እንደሚወሰዱ ማንም አልነገራቸውም፤ ማን እንደሆኑም ማንም አልጠየቃቸውም። ከአሥር ሰዓት ጉዞ በኋላ ራሳቸውን ትሪፖሊ ወደብ ላይ አገኙት። አንወርድም ቢሉም በግድ እንዲወርዱ ተደረጉ፤ ለሊቢያ ባለሥልጣናትም ተሰጡ።

ከመካከላቸው አሥራ ሦስት ኤርትራውያንና አሥራ አንድ ሶማሌዎች ጣሊያንን ከሰሱ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በየካቲት 23 ቀን 2012 በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። ፍርዱ ሁለት ትልቅ ነገር አጸና። አንደኛ፣ አንድ መንግሥት በባሕር መካከልም ቢሆን ሰውን በቁጥጥሩ ሥር ካዋለ ሕጉ አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ ጥገኝነት ይጠይቁ አይጠይቁ ሳይል፣ በሚወሰዱበት አገር ምን እንደሚጠብቃቸው አስቀድሞ ማጣራት የመላሹ መንግሥት ግዴታ ነው። ሊቢያ ውስጥ የሚደርሰውን ስቃይ ጣሊያን ታውቅ ነበር፤ ማወቅም ነበረባት።

ከዚህ ታላቅ ፍርድ በኋላ ግን መንግሥታት ሌላ ዘዴ አገኙ። እኛ በእጃችን አንመልስም፤ ሌላው ይመልስልን አሉ። በየካቲት 2017 ጣሊያንና ሊቢያ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። የሊቢያ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ጀልባና ሥልጠና ከአውሮፓ ያገኛሉ፤ ሰዎችን ከባሕር ላይ ለቅመው ወደ ሊቢያ እስር ቤት ይመልሳሉ። ባኒ ወሊድንና ኩፍራን በስም የማያውቅ ሐበሻ ቤተሰብ ዛሬ ጥቂት ነው። አጋቾች ልጅን እያሠቃዩ ለእናቱ ስልክ የሚደውሉባቸው ቦታዎች ናቸው። በሐምሌ 2019 ደግሞ በትሪፖሊ አቅራቢያ የታጁራ እስር ቤት በአየር ድብደባ ሲመታ ከሃምሳ በላይ ስደተኞች ተቆልፎባቸው አለቁ። ገንዘብ ከፍሎ ሰውን ወደዚህ የሚያስመልስ መንግሥት እጄ ንጹሕ ነው ሊል አይችልም።

ከሁሉም የከፋው ግን የሆነው በእኛ ልጆች ላይ፣ በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ድንበር ነው። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ባሕሩን አቋርጦ፣ የመንን ከደቡብ እስከ ሰሜን አልፎ ሰዓዳ የሚደርሰውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ብዙው እንጀራ ፍለጋ የወጣ ነው፤ ከጦርነት የሸሸም አለበት። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ቢያንስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ገለጸ። በተራራው መንገድ ላይ በተጓዙ ሰዎች፣ ከእነሱም ሴቶችና ሕፃናት ባሉበት፣ የሞርታር ዓይነት ከባድ መሣሪያ ተተኩሷል። በሕይወት የተያዙትን «ከእጅና ከእግራችሁ የትኛውን እንምታ?» ብለው ጠይቀው በቅርበት የተኮሱባቸው እንደነበሩ ከሞት የተረፉት መስክረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ዘጋቢዎች ለሳዑዲ መንግሥት በ2022 በጻፉት ደብዳቤ፣ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ አራት ወራት ብቻ እስከ 430 የሚደርሱ ስደተኞች እንደተገደሉ የሚገልጽ ክስ እንደደረሳቸው አስታውቀው ነበር። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረተ ቢስ ብሎታል። የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ከሳዑዲ ጋር በጋራ እንደሚመረምር በነሐሴ 2023 ገልጿል። እዚያ ተራራ ላይ ለሰው የቀረበለት ጥያቄ ማን ነህ፣ ከምን ሸሸህ የሚል አልነበረም፤ ከእጅና ከእግርህ የትኛው ይመታ የሚል ነበር።

አሁን ስደተኛን ወደ አደጋ መመለስን ወደሚከለክለው ሕግ ልምጣ። ይህ ሕግ ከደግ ልብ ብቻ አልተወለደም፤ ከጸጸት የተወለደ ነው። በ1938 ጀርመን ኦስትሪያን ከያዘች በኋላ የሚሸሹትን አይሁዶች ስዊዘርላንድ በነሐሴ ወር ድንበሯን ዘጋችባቸው። የሳንክት ጋለን ግዛት የፖሊስ አዛዥ ፓውል ግሩኒንገር ግን የመጡትን መመለስ አልሆነለትም። ድንበሩ ከመዘጋቱ በፊት የገቡ ለማስመሰል የመግቢያ ቀናቸውን ለውጦ እየጻፈ ብዙ ሰው አስገባ። በ1939 ከሥራው ተባረረ፤ በ1940 ተፈረደበት፤ በ1972 በድህነት ሞተ። ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን የሰረዘለት በ1995 ነው። ከሞተ ከሃያ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ አገሩ ትክክል የነበረው እሱ መሆኑን አመነች። ዛሬ የድንበር ፖሊስ ለሆነ ሰው ሁሉ ይህ ታሪክ ሊነገረው ይገባል።

ከአይሁዶቹ እልቂት በኋላ በ1951 የስደተኞች ኮንቬንሽን ተጻፈ። አንቀጽ 33 ማንም ስደተኛ ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ እንዳይመለስ ይከለክላል። ነገር ግን ያኔ በጉባኤው ላይ አንዳንድ መንግሥታት አንቀጹ የሚመለከተው ወደ አገር የገባውን እንጂ በር ላይ የቆመውን አይደለም ብለው ተከራክረው ነበር። ያን ቀዳዳ በአስገዳጅ ስምምነት በግልጽ የደፈነው የት የተፈረመ ሰነድ እንደሆነ ታውቃላችሁ? አዲስ አበባ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ኮንቬንሽን በመስከረም 10 ቀን 1969 በአዲስ አበባ ሲፈረም፣ ሰውን ከአገር ማስወጣትን ብቻ ሳይሆን ከድንበር ላይ መመለስንም በስም ጠርቶ ከለከለ። በቅርቡ ከቅኝ አገዛዝ የወጡ፣ ድሆች የነበሩ የአፍሪካ መንግሥታት ሀብታሞቹ ሊጽፉት ያመነቱበትን ቃል ጻፉት። ይህ ልንኮራበት የሚገባ የሕግ ቅርሳችን ነው።

ሥሩ ደግሞ ከዚያ ይርቃል። ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በ615 አካባቢ ወደ አክሱም የመጡበትን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስንተርከው ግን ብዙ ጊዜ ስለ እንግዳ ተቀባይነት ብቻ እናወራለን። የእስልምና ትውፊት የሚነግረን ከዚያ የጠለቀ ነው። ቁረይሾች የላኳቸው መልእክተኞች ለንጉሡ ሹማምንት ስጦታ ሰጡ፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ከማነጋገሩ በፊት አሳልፎ እንዲሰጣቸው እንዲመክሩትም ለመኑ። ሹማምንቱም መከሩ። ንጉሡ ነጃሺ ግን ተቆጣ። መጠጊያ ብለው ወደ እኔ የመጡትን ጠርቼ ሳልጠይቅ አልሰጥም አለ። ጠራቸው፤ ከስደተኞቹ አንዱ የሆነው ጃዕፈር ሲናገር ሰማው፤ ከዚያ በኋላ ፈረደ፤ ስጦታውንም መለሰ። ልብ በሉ፤ የተጠየቀው ሳይሰማ እንዲመልስ ነበር፤ እምቢ ያለውም ያንን ነው። አያቶቻችንም በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ከባላጋራው ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት ይቀርብ እንደነበር ነግረውናል። ጉልበት ያለው በዚያው በሜዳው ላይ አይፈርድም ነበር።

የሚነሡ ተቃውሞዎችም አሉ፤ ልሸሻቸው አልፈልግም።

የመጀመሪያው «አብዛኞቹ እንጀራ ፈላጊዎች እንጂ ስደተኞች አይደሉም» የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማን ምን እንደሆነ የሚታወቀው ከተጠየቀ በኋላ ነው። እንጀራ ፈላጊውም ቢሆን በሕግ ይመለስ ይሆናል እንጂ እጁ ታስሮ ወንዝ ውስጥ አይጣልም።

ሁለተኛው «ሕጋዊ በር አለ፤ አጥር ዘለው ለምን ይመጣሉ?» የሚል ነው። የአውሮፓው ታላቅ ችሎት በየካቲት 2020 ስፔን በሰሜን አፍሪካ ባላት በሜሊያ ከተማ አጥር ላይ ስለመለሰቻቸው ሁለት አፍሪካውያን ሲፈርድ ይህን ክርክር ተቀብሏል። ሕጋዊ መግቢያ እያለ በጉልበት የገቡ ናቸው ብሎ ስፔንን ነጻ አወጣት። ይሁንና የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ጥቁር አፍሪካዊ ወደዚያ መግቢያ መድረስ እንኳ አይችልም ነበር። በሰኔ 24 ቀን 2022 በዚያው በሜሊያ ድንበር፣ አብዛኞቹ ሱዳናውያን የሆኑ ሰዎች አጥሩን ሲሻገሩ በግፊያና በኃይል ቢያንስ ሃያ ሦስቱ ሞቱ። ብዙዎችም ሳይጠየቁ ወደ ሞሮኮ ተመለሱ። በወረቀት ላይ ብቻ የተከፈተ በር በር አይደለም።

ሦስተኛው «የደላሎችን ሥራ ማክሸፍ ያስፈልጋል» የሚል ነው። እስማማለሁ። ነገር ግን የመንግሥት በር በተዘጋ ቁጥር የደላላው ዋጋ ይወጣል። ደላላን የሚያከስረው የሚሠራ የጥገኝነት ቢሮ ነው።

እንግዲህ ሌላውን ስንወቅስ ራሳችንንም መመርመር አለብን። ኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞችን ያስጠለለች አገር ናት፤ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም (የአዋጁ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በግዳጅ መመለስን ይከለክላል። ሆኖም በሰኔ 2023 መጨረሻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን፣ ከእነሱም መካከል ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች፣ ጉዳያቸው ሳይታይ ከኢትዮጵያ መባረራቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች ይፋ አድርገው አውግዘዋል። ይህን ሳንናገር ሳዑዲን ብቻ ብንከስ ቃላችን ክብደት አይኖረውም። ልጆቻችን በሰው ድንበር ላይ እንዲሰሙ የምንፈልግ ከሆነ በእኛ ድንበር ላይ የቆመውንም እንስማ።

ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ድንበር ላይ ገለልተኛ ዓይን ይኑር። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው የስደትና የጥገኝነት ስምምነት አባል አገሮች በድንበር ላይ የመሠረታዊ መብቶችን አከባበር የሚከታተል ገለልተኛ አካል እንዲያቋቁሙ ያዛል። አውሮፓ ውስጥ የምትኖሩ፣ ድምፅ የምትሰጡ ወገኖቻችን፣ ይህ አካል ያለ ማስጠንቀቂያ ጫካውንም ወንዙንም ገብቶ እንዲያይ ተመራጮቻችሁን ጠይቁ። ቀጠሮ ይዞ ኬላ ብቻ የሚጎበኝ ተቆጣጣሪ ምንም አያይም።

ሁለተኛ፣ ቋንቋችሁን ስጡ። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚያውቅ አስተርጓሚና የምስክርነት ቃል የሚመዘግብ ሰው በየቦታው ይፈለጋል። ጣሊያንን በፍርድ ቤት የረቱት ሃያ አራቱ ሰዎች የረቱት ጠበቃ ስላገኙ፣ የደረሰባቸውም ከነቀኑ፣ ከነቦታው ስለተጻፈላቸው ነው። ዛሬ የተመለሰ ልጅ ሲደውልላችሁ አጽናኑት፤ ቀጥላችሁም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የመላሾቹን ልብስና መኪና ጠይቃችሁ መዝግቡ።

ሦስተኛ፣ የሳዑዲ ድንበር ሟቾች ጉዳይ እንዳይዘጋ። ቤተሰቦች የልጆቻቸውን መቃብር የማወቅ መብት አላቸው። መንግሥታችን እመረምራለሁ ያለውን ምርመራ ውጤት ለሕዝብ እንዲያቀርብ፣ ገለልተኛ ዓለም አቀፍ ምርመራም እንዲደረግ በስም፣ በፊርማ፣ በአደባባይ እንጠይቅ።

መንግሥታት ድንበራቸውን ይጠብቁ፤ ማንም አይከለክላቸውም። የምንጠይቀው ድንበራቸው ላይ የደረሰውን ሰው ስሙን እንዲጠይቁት፣ በሚገባው ቋንቋ እንዲያዳምጡት፣ ውሳኔያቸውን ጽፈው እንዲፈርሙበት ነው። ይህ ከየትኛውም መንግሥት አቅም በላይ አይደለም። እስኪፈጸም ድረስ እኛም መጠየቃችንን አንተው።